በካንጋ ጨርቅ የታሰሩት ዛፎች

ኪዊንዳኒ፤ የደቡቡ ነፋስ ሊገባ ሲል

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኪ። ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? የሞምባሳ ሙቀት አላስቸገረሽም? አራሷስ እንዴት ናት? ሕፃኗስ ጡት በደንብ ያዘች? ወንድሜ አትማንስ፣ አባት ሲሆን ቁም ነገረኛ ሆነ ወይስ አሁንም ካልሲውን ሰው ነው የሚፈልግለት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባዬ ደህና ነው። ዶሮዎችሽም ደህና ናቸው፤ ከአንዷ በስተቀር። እሷን እንግዳ መጥቶብን በልተናታል። የትኛዋ እንደሆነች ስትመጪ እነግርሻለሁ፤ አሁን ብነግርሽ የአራሷን አርባ ቀን ሳትጠብቂ በመጀመሪያው ጀልባ ትመጫለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ሳትዪ አትቀሪም። ስልክ ላይ አንቺ ትጮኺያለሽ፤ አትማን ደግሞ ከጎንሽ ቆሞ አንቺ ሳትመልሺ ይመልሳል። የምነግርሽ ነገር ሰው መሃል የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ለጀልባ ነጂው ለሼ ሰጥቼዋለሁ፤ በእጅሽ እንዲያስረክብሽ አስምዬዋለሁ። «ምንድን ነው፣ የፍቅር ደብዳቤ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። አዎ አልኩት። መነጽርሽን አድርጊና በሩን ዘግተሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ስለ ትምህርቴ ልንገርሽ። የወደባችንን የጥናት ጣቢያ የሚመሩትን መምህር ካዙንጉን ታስታውሻቸዋለሽ፣ እነዚያን ረጅሙን፣ ዓሣሽን ቀምሰው «ሐኪም ቢከለክለኝም እደግማለሁ» ያሉትን። አንቺ የአትማን ሚስት ከመውለዷ ብዙ ቀደም ብለሽ ከሄድሽ በኋላ ለእያንዳንዳችን የራሳችንን ሥራ ሰጡን። ሥራው አምሮ የተገኘለት አንድ ተማሪ፣ ጣቢያው ወጪውን ሁሉ ችሎለት ለሁለት ዓመት ትምህርቱን ይቀጥላል። ያልተሳካለት ምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ወደ ቤቴ መግባት አልጠላም እማዬ፤ ግን ይህን ዕድል እንዴት እንደምፈልገው አንቺ ታውቂያለሽ። ስትሄጂ ጀልባው ላይ ሆነሽ «ሶሞዬ፣ እንዳትለቂው» ብለሽኛል።

የደረሰኝ ሥራ እንዲህ ነው። እኛ ምኮኮ፣ እሳቸው ማንግሮቭ የሚሏቸው ዛፎቻችን በሥሮቻቸው መሃል ጭቃውን እያጠራቀሙ ከአየሩ የሳቡትን ጭስ እዚያ ቀብረው ያስቀምጣሉ። ዛፉ ዕድሜው ሲገፋ ምን ያህል እንደሚጨምር ግን እዚህ ባሕር ላይ የለካ የለም። ለመለካት የዛፉን ዕድሜ ማወቅ ያስፈልጋል። ምኮኮ ደግሞ እንደ ሌላው ዛፍ ግንዱን ቆርጠው የውስጡን ቀለበት ቢቆጥሩት ዕድሜውን አይናገርም። መምህሩ ይህን ሲነግሩን ጨንቋቸው ነበር። እኔ እንደ ቀልድ የአገራችንን ልማድ አወራሁላቸው። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስትወለድ አባቷ ለጋ ለጋ ምኮኮዎች መርጦ ቀይ ጨርቅ ያስርላቸዋል፤ ጨርቁን በየዓመቱ ያድሳል፤ ስታገባ ለቤቷ ጣሪያ ይቆረጣሉ፤ እስከዚያ ድረስ ሌላ ሰው መጥረቢያ አያነሳባቸውም አልኳቸው። ሻያቸውን ቁጭ አደረጉት። «ስለዚህ የልጅቷን ዕድሜ ካወቅን የዛፎቹን አወቅን ማለት ነው?» አሉኝ። እንዴታ፣ እናቶቹን መጠየቅ ነው አልኳቸው። ወይ አለማወቅ፣ እማዬ።

በማግስቱ ከኛምቡራ ጋር ቤት ለቤት ጀመርን። ኛምቡራ የራሷን ሥራ እየሠራች እኔንም የምታግዘኝ የደጋዋ ተማሪ ናት። በመጀመሪያው ቀን ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዋጣትና አባዬ ጎትቶ አወጣት፤ አንድ እግር ጫማዋ እዚያው ቀርቷል። «ይህችን ልጅ ከተራራዋ ላይ ማን አወረዳት?» አለ። ከዚያ ወዲህ እሱ ልጄ ይላታል፣ እሷ አባዬ ትለዋለች፤ ዓሣውንም ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነው የሚያወፍርላት።

መጀመሪያ የሄድነው እትዬ ዙሁራ ጋ ነበር። የልጃቸውን የምዋናኢዲን ዕድሜ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን በጨው ታጥበው አሥራ ዘጠኝ አሉኝ። ምዋናኢዲ እኮ ቁርኣን ቤት ስገባ እጄን ይዛ የወሰደችኝ ናት። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አፌን ይዤ ጻፍኩ። ቀጥሎ ያለውም ቤት አሥራ ዘጠኝ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም አሥራ ዘጠኝ። የኪዊንዳኒ ልጃገረድ ሁሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዛፎቹን ስንለካ አንዱ እንደ ጭን የወፈረ፣ አንዱ እንደ ክንድ የቀጠነ፣ ሁሉም እኩያ። መምህሩ ወረቀቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሶሞዬ፣ ተአምር የሚሠራው ባሕሩ ነው ወይስ እናቶቹ?» አሉኝ።

ዛፉ ሌላ ነገር እየተናገረ ነው ብዬ ተመልሼ ለእትዬ ዙሁራ ነገርኳቸው። «ዛፉ ነው የሚዋሸው» አሉኝ። «እዚያ ቦታ ጭቃው ስብ ነው። እኔ ወልጄ አላውቅም እንዴ?» በማግስቱ እናቶቹ ተሰብስበው መጥተው ምንጣፍሽ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ማንቆርቆሪያ ሻይ ጨርሰው፣ የጠበስኩትን ማንዳዚ ጠርገው ሲያበቁ ወቀሳው ተጀመረ። «ተምረሽ አገር ታቀኚያለሽ ስንል የልጆቻችንን ባል ልታባርሪ መጣሽ?» አሉኝ። «እናትሽ ብትኖር ይህን ታደርጊ ነበር?» አሉኝ። አንቺ ብትኖሪ ከሁሉም በላይ ትስቂ እንደነበር አልነገርኳቸውም።

ከጭንቅ ያወጣችን ኛምቡራ ናት። በዚያ ስብርብር ባለ የባሕር ጠረፍ አነጋገሯ ስም አይጻፍም፣ ለዛፉ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው፣ የማን ልጅ እንደሆነች ጨረቃ እንኳ አታውቅም አለቻቸው። ተያዩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ውሃ ልቀዳ በወረድኩ ቁጥር አንዷ እናት ባልዲዋን ይዛ ከኋላዬ ትመጣለች፤ ግራ ቀኝ አይታ እውነተኛውን በጆሮዬ ሹክ ትለኛለች። እትዬ ዙሁራ የመጨረሻዋ ነበሩ። ሃያ አምስት አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «ከእሷ የምትበልጥ አለች?» ብለው ጠየቁኝ። አልነግርዎትም አልኳቸው። «ጎሽ፣ ምስጢር ጠባቂ ነሽ» ብለው መረቁኝ፤ ግን ቅር እንዳላቸው ያስታውቃል። ምዋናኢዲ ራሷ ዓሣ ስታጥብ አግኝታኝ «ከዛሬ ጀምሮ ዕድሜዬን የሚጠይቀኝን ወንድ ሁሉ ወደ ዛፌ እልከዋለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው መስመር ያዘ። የትንሿ ልጅ ዛፍ ቀጭን፣ የትልቋ ወፍራም፣ ከሥራቸው የሚወጣው ጭቃም እንደዚያው እየጨመረ ሄደ። አንድ ቦታ ብቻ አልገጥም አለን። በሰርጡ ጫፍ ያሉት የእኔ ሰባት ዛፎች ናቸው።

የእኔዎቹ ከምዋናኢዲ ዛፎች ይወፍራሉ፤ የያዙትም ጭቃ ይበልጣል። እኔ ደግሞ ከእሷ በሦስት ዓመት አንሳለሁ። መጀመሪያ ሳቅሁ። እማዬም ከእትዬ ዙሁራ ተምራለች፣ እኔን ሳታማክር ቀንሳልኛለች አልኩ። ሳጥንሽን ከፍቼ የክትባት ካርዴን አየሁ፤ ለዚህ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሃያ ሁለት ነኝ። እንግዲያው ጭቃው ስብ ቢሆን ነው ብዬ እኔም እንደ እትዬ ዙሁራ ተከራከርኩ። ኛምቡራ ጭቃውን ደጋግማ መረመረችና ከሌላው የሚለይበት ነገር የለም አለችኝ።

መምህሩ ዕድሜው ካልታወቀ እንተወው አሉ። ግን እነሱን ከተውን የጥናቱ ጫፍ፣ ትልቁ ዕድሜ፣ ይቆረጣል፤ የሌሎቹ ትልልቅ ልጆች ዛፎች በየሠርጉ አልቀው፣ በሰርጡ ሁሉ እንደ እኛዎቹ ያረጀ አልቀረም። ጫፍ የሌለውን ሥራ፣ ሥራችንን የሚመዝኑት ዳኞች አይቀበሉትም አሉኝ፤ ሳይደብቁ ነው የነገሩኝ። ስለዚህ አባዬን ልጠይቀው ሄድኩ። በሩ ላይ ተቀምጦ መጥረቢያውን ይስል ነበር። የእኔን ዛፎች በየትኛው ዓመት ነው ያሰርካቸው አልኩት። መሳሉን አላቆመም። «የሰዉን ለኪ፤ የእኛን ተዪ» አለኝ። እንዴት ብዬ ልተው፣ ዕድሌ እኮ በእነሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው አልኩት። «ተዪ አልኩሽ» አለና ሻዩን ሳይነካው ተነስቶ ወጣ። አባዬ ሻይ ትቶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

እኔም አኮረፍኩ። ኩርፊያዬን ታውቂዋለሽ። ሻዩን ያለ ስኳር አቀርብለት ጀመር፤ እሱም ምንም እንዳልሆነ ሰው ይጠጣዋል። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደናፈቅሽኝ አልነግርሽም፤ እንዲያው አልጋሽ ላይ ነበር የምተኛው።

በዚህ መሃል ጨርቁ የሚታደስበት ሰሞን ደረሰ። በየዓመቱ አባዬ ጨርቅ ሊያስር ሰርጡ ጫፍ ሲሄድ አንቺ ሩዝ በኮኮናት ሠርተሽ የሰፈሩን ሕፃናት ታበያለሽ። ሌላ እናት ይህን አታደርግም። እኔ ለእኔ መስሎኝ ስኮራ ነው ያደግሁት። አንቺ ስለሌለሽ ልማዱ እንዳይቋረጥ ብዬ ኮርፌም ቢሆን ሩዙን ጣድኩ። የሚታሰረውን ጨርቅ ላዘጋጅለት ደግሞ ያንን ቀይ ካንጋ ከሳጥንሽ አወጣሁ፤ የካሹ ፍሬ የታተመበትን። ሌሎች አባቶች ያገኙትን ቀይ ጨርቅ ያስራሉ። አባዬ ግን ከዚያ ካንጋ በቀር ቀድዶ አያውቅም። አንቺም ለብሰሽው አታውቂም። ትዝ ይልሻል፣ ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌው ስጨፍር፣ ቁጣ የማታውቂው እናቴ መንጭቀሽ ወሰድሽብኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬን ጠርገሽ ሳምሽኝ።

ከካንጋው የቀረው ትንሽ ነው። ጭኔ ላይ ዘርግቼ አየሁት። አንደኛው ጫፉ ሳስቷል፤ ቋጠሮ የበላው ነው። ሕፃን የታዘለበት ካንጋ ጫፉ እንደዚያ ይሆናል። እኔን ያዘልሽበት አረንጓዴው እንደሆነ ስንት ጊዜ ነግረሽኛል። አትማንን ያዘልሽበትን ደግሞ እሱ ራሱ አንሶላ አድርጎ ጨርሶታል። ከአትማን እስከ እኔ ሰባት ዓመት ነው። ለምን ይህን ያህል ቆየሁ ብዬ ስጠይቅሽ «አላህ አልቸኮለም» ትዪኝ ነበር፤ ከዚያም የምትሠሪው ሥራ ታገኚያለሽ። ካንጋውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሩዙ ሲያርር ነው የነቃሁት።

አባዬ ገባ። ካንጋውን ጭኔ ላይ አየው። ሕፃናቱ አፍንጫቸውን እየያዙ ያላረረውን ከላይ ከላዩን ሲበሉ እሱ የድስቱን ቂጥ ቧጥጦ ጠቁሮ የነበረውን በላ። እጁን ታጥቦ ሲያበቃ «ነገ ውሃው ሲሸሽ መለኪያሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ። ስኳር ያለው ሻይ አቀረብኩለት።

በማግስቱ በታንኳ ወጣን። እኔ ቀዘፍኩ። ውሃው ሸሽቶ ሥሮቹ ሁሉ ወጥተው ነበር፤ ሸርጣኖቹ ከእግራችን ሥር ይበተናሉ። የነተበውን የዓምናውን ጨርቅ ከየዛፉ እየፈታ በአዲሱ ይተካዋል፤ እኔ ከኋላው እየተከተልኩ እለካለሁ። ከሁለተኛው ዛፍ በኋላ ፊቱን ሳያዞር «ሃያ ሰባት ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። እኔ እኮ ሃያ ሁለት ነኝ አላልኩም እማዬ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። «መጀመሪያ ያንቺ አልነበሩም» አለኝ። «ባለቤታቸው ሳታድግ ስትቀር አባቷ ማንም ይቁረጣቸው ማለቱ የአገሩ ደንብ ነው። አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ ስትወለጂ ሌላ ልመርጥልሽ ጨርቅ ይዤ ስነሳ፣ እነዚህ ብቻቸውን አይቁሙ ያለችው እናትሽ ናት።» በእሱ ልክ ብዙ ነው የተናገረው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ካንጋው ስድስተኛው ላይ አለቀ። አባዬ ባዶ እጁን ይዞ ሰባተኛው ዛፍ ፊት ቆመ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁበትም። ራሴ ላይ የጣልኩት አረንጓዴው ካንጋሽ ነበር፤ አዎ፣ እሱንም ከሳጥኑ ወስጄዋለሁ። ከጫፉ ቀድጄ ሰባተኛውን አሰርኩ። አባዬ ቋጠሮዬን አየና ላልቷል ብሎ ፈታው፤ መልሶ በራሱ እጅ አጥብቆ አሰረው። ስንመለስ እሱ ነው የቀዘፈው። እኔ ከፊት ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሱም ነፋሱን እያየ መስሎ አሻግሮ ያይ ነበር።

ሥራዬን ሃያ ሰባት ብዬ አስገባሁ። ቁጥር እንጂ ስም የለውም። መምህሩ ቁጥሩን አይተው፣ እኔን አይተው፣ አንድም ነገር ሳይጠይቁኝ ፈረሙ፤ ስለዚህ ነገር እስከ ዕለተ ሞቴ አከብራቸዋለሁ። ትናንት መልስ መጣ። ዕድሉን ለእኔ ሰጥተውኛል እማዬ። ነፋሱ ሲያልፍ ትምህርቱን እጀምራለሁ፤ በየዓመቱም ጨርቅ በሚታደስበት ሰሞን ዛፎቹን ልለካ እዚህ እመለሳለሁ። ስለዚህ መቆም አለባቸው፤ አይቆረጡም። አባዬን ፈቃድ ስጠይቀው «ጣሪያሽን በሌላ እንጨት እሠራልሻለሁ» አለኝ፤ ድምፁ ግን ከእኔ ይልቅ እሱ ፈተና ያለፈ ይመስል ነበር። እትዬ ዙሁራ ዛፏ የማይቆረጥ ልጅ ማን ያገባታል እያሉ ነው። ኛምቡራ አንደኛ ባለመሆኗ ግማሽ ቀን አልቅሳ፣ ግማሹን ቀን ዕቃዬን ስታጥፍልኝ ዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ለዚህ ነው ሼን ያጣደፍኩት። አትማን ለልጁ አባዬ ስም ያውጣላት ብሎ ደውሎ ነበር። ለአባዬ ነገርኩት። አላሰበበትም። «ዛይቱኒ ትባል» አለኝ። በቤታችን ተጠርቶ ሲያልፍ ሰምቼው የማላውቀው ስም ነው፤ እሱ ግን በየቀኑ ሲጠራው እንደኖረ ሰው ነው ያለው። ለአትማን ገና አልነገርኩትም። አስቀድሜ አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። አፍሽ ላይ የሚከብድሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ ሌላ ቆንጆ ስም እንፈልጋለን፣ አባዬም አይቀየምሽም። የማይከብድሽ ከሆነ ግን ሰባተኛ ቀኗ ሲደርስ አንቺው በጆሮዋ ንገሪያት። ከአንቺ በፊት ማንም ባይጠራት ደስ ይለኛል። ዛፎቿን አባዬ መርጦላታል፤ ከእኛዎቹ አጠገብ ናቸው። የአራሷን ካንጋ ጫፍ ቀድደሽ በሼ ላኪልን።

ምንም አልጠይቅሽም፣ እማዬ። ስትመጪ ልታወሪኝ ከፈለግሽ ሌሊቱን ሙሉ እሰማሻለሁ። ካልፈለግሽም ለዓመቱ ሩዙን አብረን እንሠራለን፤ አንቺ ታማስያለሽ፣ እኔ ሕፃናቱን እጠራለሁ። ስለ ማን ብለን እንደምናበላ አውቄ ልጥራቸው እንጂ ሌላ የምፈልገው የለም።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ወገብሽን ያበርታልሽ፤ በሰላም ወጥተሽ በሰላም ያግባሽ። አራሷን ሳሚልኝ፤ አትማንን ጆሮውን ቆንጥጪልኝ፤ ሕፃኗን ግንባሯን ስመሽ አክስትሽ ሰላም ብላሻለች በያት። እሷን ስትስሚ ሌላም ሰው ትዝ ካለሽ፣ ለእሷም የእኔን ሰላምታ አድርሺልኝ።

ሁለተኛዋ ሴት ልጅሽ